የጀልባ ሞተር አባት ኦሌ ኤቪንሩድ

የሰውን ድካም የሚያቃልል መሣሪያ መሥራት ታላቅ ዕውቀት ነው። ነገር ግን መሣሪያው ከሠሪው እጅ ወጥቶ በማያውቀው ሰው እጅ በገባ ጊዜ ጉዳት እንዳያመጣ አስቀድሞ መመርመር ከዕውቀት በላይ አስተዋይነትን ይጠይቃል። ከጀልባ ኋላ ተንጠልጥሎ የሚሠራውን ሞተር ለዓለም ገበያ ያበቃው ኦሌ ኤቪንሩድ ሁለቱንም አጣምሮ የያዘ ሰው ነበር።

ኤቪንሩድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ አሜሪካ ተሰደው በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሪፕሊ በሚባለው ሐይቅ አጠገብ እርሻ ያዙ። አባቱ ልጁ አራሽ እንዲሆን እንጂ በጀልባ እንዲጠመድ አልወደደም ነበርና ኦሌ የሠራትን የመጀመሪያ የሸራ ጀልባ ፈልጦ ለማገዶ አደረጋት ይባላል። ልጁ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ሌላ ጀልባ በስውር ሠራ፤ ሐይቁን ለማየት የሚመጡትን እንግዶችም እያሳፈረ ገንዘብ አገኘባት።

በ16 ዓመቱ ወደ ማዲሰን ከተማ ሄዶ የእርሻ መሣሪያ በሚሠራበት ቤት ተቀጠረ፤ ቀን እየሠራ፣ ማታ ማታ የምሕንድስና መጻሕፍት ያጠና ነበር። ከዚያም በፒትስበርግና በቺካጎ ፋብሪካዎች ሙያውን አዳብሮ በሚልዎኪ ከተማ ተቀመጠ። በ1900 ዓ.ም. ከሸሪክ ጋር ሆኖ የሞተር ሥራ ጀመረ፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ሽርክናዎች አልጸኑለትም። እጁ ብረትን ያዝዝ እንጂ ደብዳቤና የሂሳብ መዝገብ ይከብዱት ነበር። ይህን ጉድለቱን የሞላችለት የንግድ ትምህርት የተማረችው ጎረቤቱ ቤስ ኬሪ ናት፤ በ1906 ዓ.ም. ተጋቡ።

ስለ ሞተሩ መነሻ የሚተረከው ታሪክ አጭር ነው። ሙቀት በበዛበት ቀን ከወዳጆቻቸው ጋር በኦካቺ ሐይቅ ሲዝናኑ ቤስ ጄላቲ አማራት። ኦሌም እስከ ማዶ ቀዝፎ ገዛላት፤ ነገር ግን አራት ኪሎ ሜትር ያህል በጉልበት ቀዝፎ እስኪመለስ ድረስ ጄላቲው ቀለጠ። በዚያን ጊዜ ለጀልባ የሚሆን ትንሽ ሞተር የመሥራት አሳብ በልቡ አደረ። እርግጥ ነው፤ ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ካሜሮን ዋተርማን የተባለ አሜሪካዊ እንዲህ ያለ ሞተር ሠርቶ ነበር። ተራው ሰው የሚገዛውና የሚያምነው መሣሪያ አድርጎ በብዛት ያስፋፋው ግን ኤቪንሩድ ነው።

ሠርቶ ያሳያት የመጀመሪያው ሞተር ለቤስ የቡና መፍጫ መሰላት። በ1909 ዓ.ም. ኦሌ በኪራይ ጀልባ ላይ ጭኖ በወንዝ ዳር ፈተነው። ከፈተናውም በኋላ ለገበያ ለማውጣት አልቸኮለም፤ ጉድለቱን አርሞ አንዱን ለወዳጁ አዋሰው። ወዳጁም የ10 ሞተር ትእዛዝ ከነገንዘቡ ይዞለት ተመለሰ። ይህ ሞተር የአንድ ፈረስ ከግማሽ ጉልበት የነበረው ሲሆን 62 ፓውንድ፣ ይኸውም 28 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ዋጋውም 62 ዶላር ነበር።

የሞተሩ አነሣሥ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነበር። ነጂው ከላይ ያለውን ከባድ መንኮራኩር በእጀታው ይዞ ያዞረዋል፤ ሞተሩ ሲነሣ እጁን ፈጥኖ ካላነሣ ይመታዋል። ማርሽ ስላልነበረውም በተነሣበት ቅጽበት የውኃ ውስጥ ክንፉ ይሽከረከራል፤ ጀልባዋም ወደ ፊት ትወረወራለች። ስለዚህ ሳይነሣ በፊት ሞተሩ ከጀልባዋ ጋር የታሰረባቸውን ብሎኖች ማጥበቅ፣ ተሳፋሪዎችን ማስቀመጥ፣ ፊት ለፊት ያለውን ማየትና በክንፉ አጠገብ ሰው አለመኖሩን ማረጋገጥ ግድ ነበር።

ሌላው ነገር ውኃ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቅ ወይም ከባሕር በሚስበው ውኃ ስለ ሆነ በደረቅ መሬት ቢነሣ ጥቂት ቆይቶ ይቃጠላል። በውኃ የሚቀዘቅዙ የዛሬ ሞተሮችም ከዚህ ሕግ አልወጡም። ጀልባ ሳትወርድ ሞተርን መፈተን የሚፈልግ ሰው የታችኛውን ክፍል ውኃ በሞላ በርሜል ውስጥ ይነክረዋል፤ ከተነሣም በኋላ የማቀዝቀዣው ውኃ ተመልሶ ሲወጣ በዓይኑ ካላየ ወዲያው ያጠፋዋል። ቤንዚኑ ዘይት የሚቀላቀልበት ከሆነ መጠኑን ይጠብቃል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ ስለ ሆነ በጀልባዋ ወለል ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃልና ሲጋራ በአጠገቡ አይለኰስም። ማርሽ ያለውን ሞተር ከማርሽ አውጥቶ ያስነሣል፤ ማጥፊያ ገመድ ካለውም ከሰውነቱ ጋር ያያይዘዋል።

ቀዛፊ ሁሉ መቅዘፊያውን ጥሎ ሞተር እንዲይዝ የሚመክረውን ዝነኛ ማስታወቂያ የጻፈችው ቤስ ናት። ትእዛዙም በረከተ፤ ሞተሩ ለስካንዲናቪያ ዓሣ አጥማጆች እስከ መላክ ደረሰ። ነገር ግን የሥራው ብዛት ጤናዋን ጎዳው። በ1914 ዓ.ም. ኤቪንሩድ ከሀብት ይልቅ የሚስቱን ጤና መርጦ ድርሻውን ለሸሪኩ ሸጠ፤ ለአምስት ዓመትም በዚህ ንግድ እንዳይገባ ተዋዋለ፤ ውሉንም አከበረ።

በዕረፍቱ ዘመን ያሰበው አሳብ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደርና ቀለል ያለ ሞተር ነበር። ከፊተኛው ክብደቱ ያንሳል፤ ጉልበቱ ግን 3 ፈረስ ሆነ፤ አነሣሡም ቀለለ። ለቀድሞ ሸሪኩ ቢያቀርብለት አልቀበልም ስላለው በ1921 ዓ.ም. ኤልቶ የተባለውን ኩባንያ ከቤስ ጋር አቋቋመ። በ1929 ዓ.ም. ኤልቶና በስሙ የሚጠራው የቀድሞ ኩባንያ ከሌላ ሦስተኛ ጋር ተዋሐዱ፤ እርሱም ፕሬዚዳንት ሆነ። ቤስ በ1933 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ኦሌም በማግስቱ ዓመት በ57 ዓመቱ ተከተላት። ሥራውን ልጃቸው ራልፍ ቀጠለበት።

የዚህ ሰው ሕይወት ለነጋዴም ለሹምም ትምህርት አለው። ሸቀጡን ሳይፈትን አልሸጠም፤ ውሉን አላፈረሰም፤ ባንድ ሥራ ቢከስር በሌላ ተነሣ። ማስታወቂያው መቅዘፊያን መጣል ቢመክርም፣ አስተዋይ ጀልበኛ ግን ሞተሩን በምድር ፈትኖ፣ መቅዘፊያውንም በጀልባው ውስጥ አስቀምጦ ወደ ውኃው ይወርዳል።