ቅዱስ ያሬድ፤ ከደረት እስከ አራራይ

ስለ ቅዱስ ያሬድ ጨርሶ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል። የትሏን፣ የሦስቱን ወፎችና የንጉሡን ጦር ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ያደግን ብዙዎች ነን። በአዲስ አበባ የሚገኘው አንጋፋው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም የሚጠራው በስሙ ነው። ይሁንና ይህንን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ትዕግሥት ወይም ስለ ተአምር ለመናገር ነው። ድምፁን ከፍና ዝቅ አድርጎ በሚገባ ማዜም ለሚፈልግ ሰው የያሬድ ሕይወት ምን ያስተምራል? ለዛሬ የምናየው ይህንን ነው።

ገድሉ ሊቁ ከኖረበት ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተጻፈ በመሆኑ ታሪክና ትውፊት ተዋህደውበታል። በትውፊቱ መሠረት ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ አባቱ ስለሞተበት እናቱ የአክሱም ጽዮን መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ ግን አልገባው አለ። ጓደኞቹ መዝሙረ ዳዊቱን ሲዘልቁ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። አጎቱም በአለንጋ ገረፈው። ልጁ ተማርሮ ኮበለለና ማይ ኪራሕ ከተባለ ቦታ ሲደርስ ከአንድ ዛፍ ሥር አረፈ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስትሞክር ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ በሰባተኛው ወጥታ ፍሬውን በላች። ያሬድም ወደ አጎቱ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ትምህርቱ ተገለጠለት፤ ዲቁና ተቀበለ። ጌዴዎን ሲሞትም ገና በ14 ዓመቱ ወንበሩን ተረከበ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ትሏ ዘልላ ፍሬው ላይ አልወጣችም፤ ግንዱን እየተሳበች ነው የደረሰችበት። ድምፅም እንዲሁ ነው። ከፍተኛውን ድምፅ በጉልበት ዘልዬ ልያዘው የሚል ሰው የሚያተርፈው ጩኸትና የተጎዳ ጉሮሮ ነው።

ትውፊቱ ይቀጥላል። ሦስት ወፎች ከኤዶም ገነት መጥተው በሰው ቋንቋ አናገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማሕሌት ሰማ። ሲመለስ በአክሱም ጽዮን ዜማውን አሰማ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች የተገኙት በዚህ መንገድ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ምስጢራቸውንም ከሥላሴ ጋር ታያይዘዋለች፤ ግዕዝ በአብ፣ ዕዝል በወልድ፣ አራራይ በመንፈስ ቅዱስ ይመሰላሉ።

በተለመደው አገላለጽ ግዕዝ ወፈር፣ ጠንከር ያለው ዜማ ነው። ዕዝል መካከለኛ ነው፤ ስሙም በግዕዝ ላይ ታዝሎ የሚዜም መሆኑን ያመለክታል ይባላል። አራራይ ቀጠን፣ ከፍ ብሎ ልብ የሚያራራው ነው። በእርግጥ ልዩነታቸው የድምፅ ከፍታ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱ አካሄድና ለዛ አለው። ያም ሆኖ የአንድ ሰው ድምፅ ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን ስፍራ እንዳለው፣ ለእያንዳንዱም የተለየ አያያዝ እንደሚያስፈልገው አውቆ ትምህርት የዘረጋ ባህል ነው።

የዛሬው ሳይንስ ምን ይላል? ድምፅ የሚፈጠረው ከሳንባ የሚወጣው አየር በማንቁርት ውስጥ ያሉትን ሁለት የድምፅ አውታሮች ሲያንቀጠቅጥ ነው። አንድ ወንድ ሲናገር አውታሮቹ በአማካይ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል፣ ሴት ስትናገር ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ዜማው አንድ ኦክታቭ ከፍ ሲል ቁጥሩ በእጥፍ ይጨምራል። አውታሮቹ ሲያጥሩና ሲወፍሩ ድምፁ ይወርዳል፤ ሲለጠጡና ሲሳሱ ይወጣል። ይህ የሚሆነው በማንቁርት ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ጡንቻዎች እንጂ አገጭን በመስቀልና የአንገትን ሥር በመገተር አይደለም። ከታች በድያፍራምና በጎን አጥንቶች የተደገፈ እርጋታ ያለው ትንፋሽ ካለ ጉሮሮ ዘና ብሎ ሥራውን ይሠራል። ዝቅተኛው ድምፅም ጉሮሮን ወደ ታች በመጫን አይመጣም፤ ሳይገፋ ሲለቀቅ ነው ደረት ላይ የሚያስተጋባው።

የያሬድ ዜማ ምልክቶች ስም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ያስገርማል። ስምንቱ ዋና ዋና ምልክቶች ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ናቸው። ድፋት ድምፅን ደፋ አድርጎ ማውረድ ነው። ቅናት ወደ ላይ ማቅናት ነው። ደረት ስሙ እንደሚናገረው ከደረት የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ነው። ይዘት ያዝ ማድረግ፣ ሂደት ሳያቋርጡ መሄድ ነው። ስያሜዎቹ ድምፁ የት እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን አዜማሚው ምን ማድረግ እንዳለበትም የሚጠቁሙ ናቸው። ምልክቶቹን በጽሑፍ አሟልተው ያደራጇቸው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የተድባበ ማርያም ሊቃውንት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ከዚያ በፊት ዜማው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል።

የማሕሌቱ ቅደም ተከተልም ጥበብ አለው። በቅድሚያ ቁም ዜማ ይዜማል፤ ከበሮም ጽናጽልም የለም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥሎ በመቋሚያ ዝማሜው፣ ከዚያም በከበሮ መረግዱ፣ በመጨረሻም ፈጠን ያለው ጽፋት ይመጣል። ሰውነትና ድምፅ ቀስ በቀስ ይሟሟቃሉ። ቀኝና ግራ ሆነው በየተራ ሲቀባበሉም አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ትንፋሹን ይሰበስባል። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚያድሩ አረጋውያን ድምፃቸው የማይዘጋበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ሕይወቱ እንመለስ። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተመረኮዘበትን ጦር በሊቁ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ሲፈስ ሁለቱም አልታወቃቸውም። ንጉሡ በኋላ ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቀኝ ቢለው ያሬድ የለመነው ወርቅ ወይም ሹመት አልነበረም፤ ከቤተ መንግሥት እንዲያሰናብተው ነበር። በአክሱም ጽዮን አንቀጸ ብርሃንን ደርሶ ከተሰናበተ በኋላ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። በዚያ ብርድ አገር ደቀ መዛሙርት እያስተማረ ኖረ። በ571 ዓ.ም. እንደተሰወረ ይታመናል፤ በዓሉም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

በስሙ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ይጠራሉ። ከእሱ በኋላ ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ዘለቁ። ተማሪው ዓመታት ፈጅቶ አንዱን ዜማ ደጋግሞ እየቀጸለ ይኖራል።

ዜማው ወደ ደቡብም ወርዷል። በጋሞ ምድር፣ በምዕራብ አባያ በምትገኘው በጥንታዊቷ ብርብር ማርያም የያሬድ ዜማ ይሰማል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ሌላ የድምፅ ጥበብ አለ። የዶርዜ ሰዎች ሲዘፍኑ ወፍራሙ፣ መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ በአንድ ጊዜ እየተደራረበ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን መስመር ይዞ ከሌላው ጋር ይገጥማል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንን ዘፈን ቀርጾ በሸክላ አሳትሟል። በያሬድ ትምህርት አንድ ሰው ከደረት እስከ አራራይ ይጓዛል፤ በዶርዜ ግን ከፍታውና ዝቅታው ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። መንገዱ ቢለያይም ሁለቱም ጋ ማንም ከድምፁ ስፍራ ውጪ ሲጮህ አይመሰገንም።

ዛሬ ማይክሮፎን በየአዳራሹና በየመቅደሱ አለ። ጀማሪው የታዋቂውን ድምፃዊ ከፍታ ሲያሳድድ የራሱን ያጣል። ድምፁ ሲሻክር ውኃ ከመጠጣትና ከማረፍ ይልቅ ይበልጥ ይገፋል። ሻካራነቱ ከሦስትና ከአራት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ድምፁን መጠበቅ ለሚፈልግ ሰው የያሬድ መንገድ ዛሬም ክፍት ነው። ከሚመቸው የድምፅ ስፍራ ይጀምር፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይም ወደ ታችም ያስፋው፤ ጉሮሮው ሲጨነቅ ይመለስ፤ ነገ ደግሞ ይሞክር። ትሏም ፍሬውን የቀመሰችው በሰባተኛው ነው።