በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም

በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ከአድዋ ጦርነት በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ሩሲያ ሄደው የመድፍ ትምህርት ተማሩ። ፋቡላ የተባለውን ቴያትርም ጽፈዋል። ትልቁ ሥራቸው ግን የጃፓንን አይተው የ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን ማርቀቃቸው ነው። በሱ ፓርላማ ተቋቋመ። ታዲያ እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንትና ሹሞች ነበሩ፤ ለስንት ሰው ስንት እንደራሴ እንደሚደርስም አይናገርም። እንሰት የሚተክለው የኛ አገር ገበሬ ማን ጠየቀው? ይሄ ለኔ ልክ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ጅምር ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ፣ ለ200,000 ሰው ሁለት እንደራሴ እንዲደርስ ተደረገ። አሁን ደግሞ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ትንሹም ብሔር ቢያንስ አንድ ወንበር አለው፤ ብዙ ሰው ላለው በየሚሊዮኑ አንድ ይጨመርለታል። በጅሮንድ ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ስለሆነ የ1948ቱን በሕይወት እያሉ ደርሰውበታል።