አሽዶድን የጠቀሰው ሄሮዶቱስ

ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የተወለደው ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ484 ገደማ፣ ዛሬ ቦድሩም በምትባለው የቱርክ ከተማ ነው። አገር ላገር ዞሮ፣ ሰው ጠይቆ ጻፈ። የእኛን አሽዶድም አልረሳትም፤ የግብፁ ንጉሥ 29 ዓመት ከቦ እንደያዛት ነግሮናል።

መጽሐፉ በሴቶች ጠለፋ ይጀምራል። ሴቶቹ ባይፈልጉ ኖሮ አይጠለፉም ነበር የሚለውን የፋርሶች አባባልም አስፍሯል። ጠለፋን ወላጆቻችን ከአገር ቤት ያውቁታል፤ እንዲህ ያለው አባባልም አዲስ አይሆንባቸውም።

በኋላ ግን፣ በ480 የፋርስ ጦር ግሪክን ሲወር፣ ፎኪስ በሚባል አገር ወታደሮቹ አንዳንድ ሴቶችን እየተፈራረቁ ደፍረው እንደገደሉ ጻፈ። እዚህ ላይ ሴቶቹን የሚወቅስ ቃል የለም።

ሄሮዶቱስ በ425 ገደማ ሞተ። የእሱን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ የእነዚያን ሴቶች ስም ግን አልጻፈልንም። እኛ ቢያንስ ጥፋቱን በተጎዳችው ላይ አንጫን።