አርተር ዊንት፦ ለጃማይካ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያስገኘው አብራሪና ሐኪም

ዛሬ ጃማይካ ስትነሳ በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የዩሴይን ቦልት ስም ነው። ደሴቲቱ ግን የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው ቦልት ከመወለዱ 38 ዓመታት ቀደም ብሎ ነበር። ባለድሉ ቁመተ ሎጋው አርተር ዊንት ነው።

ዊንት እ.አ.አ. በግንቦት 1920 ማንቸስተር በተባለው የጃማይካ አውራጃ ተወለደ። በትምህርት ቤት ሳለ በሩጫ ስም ቢያወጣም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወጣትነት ዘመኑን አቋረጠው። አገሩ ያኔ በብሪታኒያ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። እርሱም የብሪታኒያን አየር ኃይል ተቀላቀለ፤ ካናዳ ውስጥ ሠልጥኖም አብራሪ ሆነ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1947 የወታደር ልብሱን አውልቆ ለንደን በሚገኘው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ጀመረ።

በዓመቱ ኦሊምፒክ እዚያው ለንደን ተካሄደ። ጃማይካ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድን የላከችው በዚህ ውድድር ነው። ዊንት በ800 ሜትር በአሜሪካዊው ማል ዊትፊልድ ተቀድሞ ብር ወሰደ። በ400 ሜትር ፍጻሜ ለድል የታጨው የአገሩ ልጅ ኸርብ ማኬንሊ ነበር። ማኬንሊ እንደ ልማዱ ከመነሻው ፈትለክ ብሎ ርቆ ሄደ። ዊንት ግን ረጃጅም እርምጃዎቹን ሳያዛባ በመጨረሻው ቀጥተኛ መስመር ላይ ደረሰበት፤ አልፎትም በ46.2 ሰከንድ ቀድሞ ገባ።

ደስታው ብዙም አልቆየም። ከሁለት ቀናት በኋላ በ4 በ400 ሜትር የዱላ ቅብብል ፍጻሜ ሦስተኛው ሯጭ ዊንት ነበር። አሜሪካውያኑን ለመድረስ ሲታገል የእግሩ ጡንቻ ተሸማቀቀና ከመሮጫው ሜዳ ለመውጣት ተገደደ። ዱላውን ይጠብቅ የነበረው ጓደኛው ሳይሮጥ ቀረ። የወርቅ ሜዳሊያ ባለቤት የሆነው ሰው የቡድኑን ተስፋ በገዛ እግሩ ሲቋረጥ አየ።

ዊንት ትምህርቱንና ልምምዱን አጣምሮ አራት ዓመት ጠበቀ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ዕድሜው 32 ደርሶ ነበር። በ400 ሜትር ወርቁን ጆርጅ ሮደን፣ ብሩን ማኬንሊ ሲወስዱ እርሱ አምስተኛ ወጣ፤ በ800 ሜትርም ዳግመኛ በዊትፊልድ ተቀደመ።

የቀረው የዱላ ቅብብሉ ነው። በለንደን ሳይሳካላቸው የቀረው እነዚያው አራት ሰዎች ዳግም ተሰለፉ። ዊንት ጀመረ፤ ሌስ ሌይንግ ተከተለ። ማኬንሊ ዱላውን ሲቀበል አሜሪካውያኑ ብዙ ሜትሮች ርቀው ነበር፤ ሆኖም ዙሩን በ44.6 ሰከንድ ሮጦ ክፍተቱን ደፈነው። የመጨረሻውን ዙር የያዘው ሮደን፣ ዊንትን ሁለት ጊዜ የቀደመውን ዊትፊልድን በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ብልጫ አስከትሎ ገባ። ሰዓቱ 3 ደቂቃ ከ03.9 ሰከንድ ሲሆን የዓለም ክብረ ወሰንንም ሰበረ። የአራት ዓመቱ ቁጭት በዚህ ተቋጨ። በተሸናፊነት የወጣው ዊትፊልድ ኋላ ላይ ወደ አፍሪካ መጥቶ በበርካታ አገራት አትሌቶችን አሠልጥኗል።

ዊንት በ1953 በሐኪምነት ተመረቀ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ጃማይካ ተመለሰና ከዋና ከተማዋ ርቆ በሚገኘው የሃኖቨር አውራጃ ሥራ ጀመረ። ለዓመታት በአውራጃው ነዋሪ የሆነ ሐኪም እርሱ ብቻ ነበር። ከ1974 እስከ 1978 ደግሞ በብሪታኒያ የጃማይካ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆኖ አገልግሏል፤ በቅኝ ተገዢነት የሮጠባትን ለንደንን የነጻ አገር መልእክተኛ ሆኖ ዳግም ረገጣት።

በ72 ዓመቱ ያረፈው ጥቅምት 19 ቀን 1992 ነው። ዕለቱ ጃማይካ ጀግኖቿን የምትዘክርበት ብሔራዊ በዓል ነበር።