ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። በልጅነታቸው ተሰደው ምጽዋ አጠገብ በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ፤ ከዚያም በጀርመን መርከብ ባሕር ተሻግረው፣ አንድ የኦስትሪያ ቤተሰብ እንደ ልጁ አሳድጓቸው፣ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ጀርመን ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሠራተኛው የሕመም፣ የአደጋና የእርጅና መድን በሕግ የደነገገች አገር ነበረችና፣ መንግሥት ለድኻው ሊያደርግ የሚችለውን እዚያ አስተውለው ቢሆን አያስደንቅም።

ተመልሰው የዐፄ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ። የቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ግን ለስደት ዳረጋቸው። በዚያን ዘመን በጻፉት «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ሹማምንት ባላገሩን እየበሉ ከማስተዳደር ይልቅ ቁርጥ ደመወዝ እንዲያገኙ፣ ግብር በገንዘብ እንዲወሰን፣ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥቱ ሀብት እንዲለይ፣ የሃይማኖት ነፃነትም እንዲኖር አሳሰቡ። በእኛ በበጌምድር የገባሩን ኑሮ ከአባቶቹ የሰማ ሰው የአሳቡን ድፍረት ይረዳዋል።

ኋላ የባቡር ሐዲድ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ሆኑ፤ የተማሩትን በሥራ ለመፈተን ዘመናቸው አልበቃም። በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። ትልቁ መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው።