ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንና የሰማይ ላይ እሳት

በተወለድንበት በካምባ የሣር ቤት በእሳት ሲያያዝ መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት ነው። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ እርጥብ የእንሰት ቅጠል፣ ሌላው አፈር ይዞ ይደርሳል። ቤቱ ባይተርፍ እንኳ ሰውና ከብት ይተርፋል። በሰማይ ላይ ሳለ እሳት የተነሣበት ሰው ግን ጩኸቱን ማን ይሰማለታል? ይህን ጥያቄ በልባችን ያሳደረው የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የሕይወት ታሪክ ስለ ሆነ፣ በማኅበራችን መጽሔት ላይ ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን።

ሮቢንሰን በአሜሪካ፣ ካራቤል በምትባል የፍሎሪዳ ከተማ ተወለዱ። አባታቸውን በሕፃንነታቸው ስላጡ ከእናታቸው ጋር ያደጉት በሚሲሲፒ፣ ገልፍፖርት ነው። በዚያን ዘመን በዚያ አገር ጥቁር ሆኖ መወለድ ምን ማለት እንደ ነበረ ለአንባቢያችን ማስረዳት አያስፈልግም። በታስኪጊ የመኪና ጥገና ተምረው ወደ ቺካጎ ሄዱና ኩርቲስ ራይት በተባለው የበረራ ትምህርት ቤት ለመማር ቢያመለክቱ፣ በቀለማቸው ምክንያት ተከለከሉ። እርሳቸውም በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ መጥረጊያ ይዘው ትምህርቱን ከዳር አዳመጡ። በመጨረሻ በተማሪነት ተቀበሏቸው፤ ተመረቁም። ከባልንጀራቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆነው የጥቁሮች በራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ሮቢንስ በምትባል የኢሊኖይ ትንሽ ከተማም የራሳቸውን ማረፊያ ሜዳ አበጁ። ክፍል ውስጥ ተቀምጠን የምናንቀላፋው እኛ፣ መጥረጊያ ተደግፎ የተማረውን ሰው ስናስብ ጥቂት ማፈራችን አይቀርም።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1927 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ሕክምና ይማሩ በነበሩት በመላኩ በያን አማካይነት ነው። ከእርሳቸው በፊት ሁበርት ጁልየን የሚባል ሌላ ጥቁር አብራሪ መጥቶ፣ ከዘውድ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሡን አዲስ አይሮፕላን ከስክሶ ነበርና፣ አዲሱን እንግዳ በጥርጣሬ ያየ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ሮቢንሰን ግን የኮሎኔልነት ማዕርግ ተሰጥቷቸው የአየር ኀይሉ አዛዥ ሆኑ። አየር ኀይል ስንል ግን አንባቢ ብዙ እንዳያስብ፤ አይሮፕላኖቹ ጥቂት፣ የሚበርሩት ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት ነበሩ። ጠላት በመቶ የሚቆጠሩ የጦር አይሮፕላኖች ሲያሰልፍ፣ የእኛዎቹ የሚያመላልሱት መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ነበር። የጣሊያን አይሮፕላኖች መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋን ሲደበድቡ ሮቢንሰን እዚያው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት መሣሪያ በሌለው አይሮፕላን በደመናና በተራራ ጥግ እየተሸሸጉ ከግንባር ግንባር ተመላለሱ። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ከመግባቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብለው አገሩን ለቀው ሄዱ። በኒው ዮርክና በቺካጎ የተደረገላቸው አቀባበል እጅግ ታላቅ ነበር፤ ጋዜጦችም ቡናማው ኮንዶር እያሉ ይጠሯቸው ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1944 ተመልሰው መጡ፤ ለአዲሱ አየር ኀይል ወጣቶችን አሠለጠኑ። ከስዊድናዊው ካውንት ፎን ሮዘን ጋር የነበራቸው ጠብ ከዚያ ሥራ አስወጣቸው። አገሩን ግን አልተዉትም።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ከአንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ጋር ሆነው፣ ለታመመ ሰው ደም ጭነው ሲበሩ አይሮፕላናቸው ወድቆ ተቃጠለ። ከካምባ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ በሽተኛ በቃሬዛ ሲወርድ ያየን ሰዎች፣ ተራራ ተሻግሮ በደቂቃ የሚደርስ አንድ ጠርሙስ ደም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እናውቃለን። አይሮፕላኗ ኤል-5 ስቲንሰን የምትባል፣ ባለ አንድ ሞተርና ባለ ሁለት መቀመጫ ነበረች። የክንፏ አጥንት እንጨት፣ ልብሷ ሸራ ነው። በእንዲህ ያለች አይሮፕላን እሳት ሲነሣ አብራሪው ያለው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ ቤንዚኑን መዝጋት፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ነበልባሉ ወደ ፊቱ እንዳይመጣ አይሮፕላኑን በጎን ማንሸራተት፣ ሜዳ መፈለግ። ምድር ደርሳ የምትቃጠል ከሆነ ደግሞ ይህም አያገለግልም።

ዛሬ ነገሩ እጅግ ተለውጧል። በትልቅ የጭነት አይሮፕላን ሞተር እሳት ሲነሣ ደወል ይጮኻል፣ ቀይ መብራት ይበራል። አንዱ አብራሪ መሪውን ይዞ ማብረሩን ይቀጥላል፤ ሁለተኛው መመሪያውን ያነብባል፣ ይፈጽማልም። የሞተሩ ጉልበት ይቀነሳል፣ ነዳጁ ይዘጋል፣ የእሳት እጀታው ይሳባል፣ ከዚያም የማጥፊያው ጠርሙስ ይለቀቃል። 30 ሴኮንድ ጠብቀው መብራቱ ካልጠፋ ሁለተኛውን ጠርሙስ ይለቅቃሉ። የተሳሳተውን ሞተር እንዳያጠፉ ሁለቱም አይተው ይስማማሉ፤ ችኮላ ከእሳቱ ይልቅ የሚገድልበት ጊዜ አለና።

ከባዱ ጭነቱ ራሱ ሲቃጠል ነው። በብዙ የጭነት አይሮፕላኖች ዋናው የዕቃ ወለል ሰፊ ስለ ሆነ በጠርሙስ አይጠፋም። አብራሪዎቹ መጀመሪያ የኦክሲጅን ጭንብላቸውን ያጠልቃሉ፤ ወደ ዕቃው የሚሄደውን አየር ይዘጋሉ፤ በውስጥ የታመቀውንም አየር አስወጥተው በ25,000 ጫማ ገደማ ይበራሉ። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ እሳቱ ይታፈናል እንጂ አይሞትም። ለማረፍ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል፤ እሳቱም ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከዱባይ የተነሣ አንድ የዩ.ፒ.ኤስ. ቦይንግ 747፣ ሊቲየም ባትሪ በጫነበት ወለል እሳት ተነሣበት። የዶሃ ማረፊያ ይቀርብ ነበር፤ አብራሪዎቹ ወደ ዱባይ መመለስን መረጡ። ጢሱ መሣሪያዎቻቸውን እስከማያዩ ድረስ ሸፈናቸው፤ የካፒቴኑ ኦክሲጅን ተቋረጠ፤ ከማስጠንቀቂያው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይሮፕላኑ ወደቀ፤ ሁለቱም ሞቱ። የእኛው አየር መንገድ ቦይንግ 777 የጭነት አይሮፕላንም ሐምሌ 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሻንጋይ ተቃጥሏል፤ ነገር ግን በምድር ላይ ቆሞ ሳለ ስለ ሆነ የሞተ ሰው አልነበረም። በሰማይ ላይ ቢሆን ኖሮ ብለን ማሰብ አንፈልግም።

ኮሎኔል ሮቢንሰን ወዲያው አልሞቱም። የእሳቱ ቁስል ሁለት ሳምንት ያህል አሠቃይቷቸው መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. ዐረፉ። መቃብራቸው ጉለሌ ነው።