ኢምፒዳንስን ስም ያወጣለት ሰው

ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ኤሌክትሪክ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው እንዳትሉኝ። ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ብየዳ ቤት አጠገብ ለሚኖር ሰው ነገሩ የዕለት ጉዳይ ነው። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የቤቱ አምፖል ፈዘዝ ይላል፣ ማሽኑ ሲቆም ይመለሳል። ብየዳው ብዙ ከረንት ሲስብ የመስመሩ ኢምፒዳንስ ከቮልቴጁ ላይ ይወስዳል፤ ለጎረቤት የሚተርፈው ያነሰ ነው። ይህን ቃል ማን አወጣው ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት ሰው ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ የመጽሔት ጸሐፊ ሆነብኝ። ስለዚህ የእኛም ዲፓርትመንት ሰው ነው ብዬ ልጽፍለት ተነሳሁ።

ኦሊቨር ሄቪሳይድ እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 1850 ለንደን፣ ካምደን ታውን ተወለደ። አባቱ በእንጨት ላይ ሥዕል የሚቀርጹ ሰው ነበሩ፤ ቤቱ ድሃ ነው። በልጅነቱ የያዘው በሽታ ጆሮውን አደከመው። በ16 ዓመቱ ትምህርት አቆመ። ደግነቱ የአክስቱ ባል የታወቁት የቴሌግራፍ ሊቅ ቻርልስ ዊትስቶን ስለነበሩ ወደ ቴሌግራፍ ሥራ ገባ፤ ዴንማርክም ሄዶ ሠርቷል። በ24 ዓመቱ ሥራውን ትቶ ወላጆቹ ቤት ተመለሰና በሩን ዘግቶ የማክስዌልን መጽሐፍ ማጥናት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ቋሚ ደመወዝ አልነበረውም። ዛሬ የፊዚክስ ተማሪዎች የሚያውቋቸውን አራቱን የማክስዌል እኩልታዎች በዚያ መልክ አሳጥሮ ያስቀመጠው በዋናነት እሱ ነው።

ኑሮውን በጥቂቱም ቢሆን የደገፈው ኤሌክትሪሺያን በተባለ መጽሔት ላይ መጻፉ ነበር። ኢምፒዳንስ የሚለው ቃልም መጀመሪያ የታተመው እዚያው፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ሐሳቡ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ባትሪ በሚሰጠው ቀጥታ ከረንት ላይ ሽቦን የሚከለክለው ሬዚስታንስ ብቻ ነው። ተለዋዋጭ ከረንት ሲሆን ግን ጥቅልል ሽቦ ሌላ ክልከላ ይጨምራል፤ ከረንቱ በተለዋወጠ ቁጥር ሽቦው ለውጡን ይቃወማል። ይሄ ሪአክታንስ ይባላል። ሁለቱ ሲዋሃዱ ኢምፒዳንስ ይሆናሉ።

አንድ ጥቅልል ሬዚስታንሱ 30 ኦም፣ ሪአክታንሱ 40 ኦም ነው እንበል። ብዙ ሰው (እኔም ጭምር) 70 ይላል። ስህተት ነው! ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ አይቆሙም፤ የቀጤ ሦስት ማዕዘን ሁለት ጎኖች ናቸው። 30 በራሱ ሲባዛ 900፣ 40 በራሱ ሲባዛ 1600፤ ድምሩ 2500፣ ስኩዌር ሩቱ 50 ኦም። በቤታችን 220 ቮልት ላይ ከተሰካ የሚያልፈው 4.4 አምፒር ይሆናል። ያንኑ ጥቅልል በ220 ቮልት ቀጥታ ከረንት ብናገናኘው 30 ኦሙ ብቻ ስለሚቀር 7.3 አምፒር ገደማ ያልፍበት ነበር። ሪአክታንሱ ራሱ የሚገኘው 2 ፓይን በፍሪኩዌንሲውና በኢንዳክታንሱ በማባዛት ነው፤ የእኛ አገር ፍሪኩዌንሲ 50 ኸርዝ ነው።

ጠቡ የመጣው ከስልክ ነው። በረጅም ሽቦ ላይ ድምፅ መድከም ብቻ ሳይሆን ይዛባል፤ ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ እኩል ፍጥነት ስለሌላቸው ቃሉ ይደበላለቃል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ሐረር እንደተዘረጋው ዓይነት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መስመር ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የኤሌክትሪክ ኃላፊ የነበሩት ዊሊያም ፕሪስ ጠላቱ ኢንዳክታንስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሄቪሳይድ በስሌት ተነስቶ ተቃራኒውን አለ፦ ኢንዳክታንስ ጨምሩበት፣ ድምፁ ይጠራል። ፕሪስ በሥልጣናቸው እ.ኤ.አ. በ1887 ጽሑፉ እንዳይታተም አገዱ። በዚያው ዓመት ደግሞ ማንም በደንብ የማይረዳውን ሰው ለዓመታት ሲያትም የኖረው የመጽሔቱ አዘጋጅ ቢግስ ከቦታው ተነሳ። ሄቪሳይድን መደገፉ ነው ያስነሳው የሚሉ አሉ። ተተኪው አዘጋጅ ማንም አያነበውም ብሎ ተከታታይ ጽሑፉን አቋረጠው። እውነት ለመናገር ተተኪውን ሙሉ በሙሉ መውቀስ ያስቸግረኛል፤ የአንባቢ ጉዳይ እኛም ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የምንከራከርበት ነው። ቢግስ ግን ያልገባውን ጽሑፍ አምኖ ማተሙ ይገርመኛል።

ሐሳቡ ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 አሜሪካ ውስጥ ፑፒን የተባለ ፕሮፌሰር በመስመር ላይ ጥቅልሎችን በየርቀቱ ለማስገባት የፈጠራ መብት አገኘበት፣ ብዙ ገንዘብም ተከፈለው። ሄቪሳይድ ምንም አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1902 ደግሞ በከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ሬዲዮ ሞገድን የሚመልስ ንብርብር ሊኖር ይችላል ብሎ ጻፈ። አባቶቻችን ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የውጭ ጣቢያ ያዳምጡ የነበረው ሰማይ ላይ ባሉት እንዲህ ባሉ ንብርብሮች ነው።

በመጨረሻ ዓመታቱ ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ብቻውን ኖረ። ያ የኤሌክትሪክ ሰው ቤቱን የሚያሞቀው በጋዝ ነበር፤ ሒሳቡን መክፈል እያቃተውም ከጋዝ ድርጅቱ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 የፋራዴይ ሜዳልያ ሲቋቋም የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1924 አፕልተን የተባለ ተመራማሪ የሰማዩን ንብርብር በሙከራ አረጋገጠ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 3 ቀን 1925 ሄቪሳይድ በ74 ዓመቱ ሞተ።